ሲሙሌተሩ የት ድረስ ይታመናል? የውድድር መኪና ቅኝት በስክሪንና በአስፋልት ላይ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የፎርሙላ 1 ሻምፒዮኑ ማክስ ቨርስታፐን በጀርመን ኑርቡርግሪንግ በተካሄደ የአራት ሰዓት ውድድር ፌራሪ 296 ጂቲ3 (ከመንገድ ስፖርት መኪና የተሠራ የውድድር መኪና ዓይነት) እየነዳ አሸነፈ። አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ቢያሸንፍ አይደንቅም። ይልቅ የሚያስገርመው መኪናውን እየተፈራረቀ አብሮት የነዳው ሰው ነው። እንግሊዛዊው ክሪስ ሉልሃም ስሙን ያተረፈው በኮምፒውተር ውድድር፣ ቨርስታፐንም በሚወዳደርበት ቲም ሬድላይን በተባለ ቡድን ውስጥ ነው። በእውነተኛ ጂቲ3 መኪና መወዳደር የጀመረው ገና በዚያው ዓመት ነበር።

ያው ቨርስታፐን ግን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያው ቦታ ላይ ጉልበቱ የተቀነሰ ፖርሽ ካይማን እየነዳ እንደማንኛውም አዲስ ሰው ፈቃድ ለማግኘት መስፈርት ሲያሟላ ነበር። ያንን መንገድ በሲሙሌተር፣ ማለትም እውነተኛውን መንዳት በኮምፒውተር በሚያስመስል መሣሪያ፣ ለዓመታት ሲዞረው መኖሩን የማያውቅ የለም። አዘጋጆቹ ግን የስክሪን ዙር አይቆጥሩም።

ስለ መኪና ውድድር ሲሙሌተር በተነሳ ቁጥር ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል» ይላል። ሌላው በስክሪን ላይ ያስመዘገበውን ሰዓት እንደ መንጃ ፈቃድ ይቆጥረዋል። እኔ እንደማየው ሁለቱም ነገሩን በጅምላ ስለሚይዙት ይስቱታል። ሲሙሌተር በአንዳንድ ነገር እጅግ ትክክል ነው፤ በአንዳንዱ ይገምታል፤ በአንዳንዱ ደግሞ ባዶ ነው። ይህ ልዩነት ከሁሉም በላይ የሚያጋጨው መኪና መቃኘት ላይ ሲደረስ ነው። ቅኝት ስል የጎማ ንፋስን፣ ሞላን፣ ሾክ አብዞርበርን፣ የጎማውን ዘንበልታ፣ የክንፉን ማዕዘንና የፍሬኑን ክፍፍል ለአንድ መንገድና ለአንድ ነጂ እንዲስማሙ አድርጎ ማስተካከል ማለቴ ነው። በሲሙሌተር የተገኘ ቅኝት መኪናው ወዴት እንደሚለወጥ ያስተምራል፤ በስንት እንደሚለወጥ ግን አይናገርም። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ማሽኑ የሚያውቀውንና የማያውቀውን መለየት ያስፈልጋል።

መንገዱን ያውቀዋል

ሲሙሌተር አብልጦ የሚያውቀው መንገዱን ነው። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ሲሙሌተር አይሬሲንግም ሆነ አሴቶ ኮርሳ የተባለው ሲሙሌተር ሠሪ የሆነው የጣሊያኑ ኩኖስ ሲሙላዚዮኒ የውድድር መንገዶችን በሌዘር ያስለካሉ። መሣሪያው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሰ እጅግ ብዙ ነጥቦችን ይመዘግባል። አስፋልቱ የተጣበቀበት ስፌት፣ የጠርዙ ድንጋይ ከፍታ፣ ፍሬን በሚያዝበት ቦታ ላይ ያለው ጉብታ ሁሉ በሚሊሜትር ደረጃ ይገባል። ስለዚህ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመትና ከ70 በላይ መታጠፊያ ያለውን የኑርቡርግሪንግን ኖርድሽላይፈ በስክሪን የተማረ ሰው እውነተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ግር አይለውም። ከዳገቱ ማዶ የማይታየው መታጠፊያ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ፣ የት ላይ ፍሬን እንደሚያዝ፣ በስንተኛ ማርሽ እንደሚገባ ያውቃል።

በ2010 አንድ የእንግሊዝ የመኪና መጽሔት ይህን በሰው ላይ ሞክሮት ነበር። በአይሬሲንግ ሻምፒዮን የነበረውን ፊንላንዳዊ ግሬገር ሁቱን በአሜሪካ ጆርጂያ ወደሚገኘው ሮድ አትላንታ ወስዶ ስታር ማዝዳ በተባለች የአንድ ሰው የውድድር መኪና ላይ አስቀመጠው። ሰውየው የውድድር መኪና ነድቶ አያውቅም። ፍሬን የያዘበት ቦታም ሆነ በመታጠፊያው ውስጥ የመረጠው መስመር ግን ልምድ ያለው ነጂ የሚመርጠው ነበር። የቀረውን ታሪኩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ የመንገድ እውቀት አንድ ጉድለት አለው፤ መንገዱ የተለካበት ቀን እውቀት ነው። በኖቬምበር 2020 ፎርሙላ 1 ወደ ኢስታንቡል ሲመለስ አስፋልቱ ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ እንደ አዲስ ተነጥፎ ነበር። ገና በመጀመሪያው ልምምድ የዓለም ምርጥ ነጂዎች በረዶ ላይ የወጡ እስኪመስል ድረስ ተንሸራተቱ። የመንገዱ ቅርጽ ያው ነው፤ ጎማው የሚጨብጠው ቆዳ ግን ተለውጧል። አስፋልት በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ የጎማ ላስቲክ ሲጣበቅበት ይጨብጣል፣ አቧራ ሲለብስ ይለቃል፣ ደመና ሲያልፍበት ይቀዘቅዛል። ጥሩ ሲሙሌተሮች ይህንንም ለማስላት ይጥራሉ፤ ጥረቱ ግን ከሌዘሩ ልኬት ጋር አንድ ደረጃ ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

ጎማው ላይ ግምቱ ይጀምራል

የመኪናው ክብደት፣ የሞተሩ ጉልበት፣ የፍሬኑ ኃይል ሁሉ መሬት የሚደርሰው በአራት ትንንሽ የላስቲክ ገጾች በኩል ነው። መሪ ሲዞር ጎማው በዚያው አፍታ አይታጠፍም። ላስቲኩ መጀመሪያ ይጠማዘዛል፤ ቸርኬው አንድ አቅጣጫ ያያል፣ መኪናው ደግሞ በጥቂት ዲግሪ ወደተለየ አቅጣጫ ይጓዛል። ይህ የማዕዘን ልዩነት ሲያድግ ጎማው መሬት የሚጨብጥበት ኃይልም አብሮ ያድጋል፤ ጥቂት ዲግሪዎች ላይ ሲደርስ ጣሪያውን ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ማሽቆልቆል ይጀምራል። ፈጣን ነጂ ማለት በጣሪያው አፋፍ ላይ ውሎ የሚያድር ሰው ነው።

ይህን የኃይል መስመር በቁጥር ለመጻፍ ከተሠሩት ቀመሮች በጣም የታወቀው በኔዘርላንድስ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሃንስ ፓሴይካ ከቮልቮ መሐንዲሶች ጋር በ1980ዎቹ ያወጡት ነው። ስሙ «ማጂክ ፎርሙላ» ነው፤ አስማት ቀመር እንደ ማለት። ስሙ ቀልድ ቢመስልም ሐቀኛ ነው፤ ቀመሩ ላስቲክ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አይናገርም፣ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ከተለካው ጋር ግን ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ብዙ ሲሙሌተሮች ይህንኑ ወይም ከዚህ የተወለደ ነገር ይጠቀማሉ፤ ሌሎቹ ላስቲኩን ከሥሩ ለማስላት ይሞክራሉ።

ችግሩ ያለው ልኬቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ጎማን በመሞከሪያ ማሽን ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ መለካት ይቻላል። ከጣሪያው አሳልፎ ሲያንሸራትቱት ግን በጥቂት ሴኮንድ ይግላል፣ ይላጣል፣ ጠባዩም ይለወጣል፤ የሚለካው ጎማ ቀድሞ የነበረው ጎማ አይደለም። ስለዚህ መኪናው በአራት ጎማው ተደላድሎ ሲሄድ ሲሙሌተሩ የሚናገረው የተለካ ነገር ነው፤ ኋላው አምልጦ መንሸራተት ሲጀምር ግን በአብዛኛው የሠሪውን ግምት ይናገራል። ተጫዋቾች «ከተንሸራተተ በኋላ የሚመለስ መኪና የለም» ብለው የሚያማርሩት፣ እውነተኛ ነጂዎችም ሲሙሌተር ላይ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚነቅፉት ይህንኑ ቦታ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ሌላው ገደብ የስሌቱ ፍጥነት ነው። አይሬሲንግ የመኪናውን ሁኔታ በሴኮንድ 360 ጊዜ ያሰላል። ብዙ ይመስላል፤ ነው ደግሞ። ነገር ግን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ስሌቶች መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የጠርዝ ድንጋይ ጥርስ ከዚያ ሊያጥር ይችላል። ሠሪዎቹ ይህንን በተለያየ ብልሃት ያልፉታል፤ ሆኖም መኪና ጠርዝ ላይ ሲወጣ አንዳንዴ እንግዳ በሆነ መንገድ ሲዘል የምናየው ከዚህ ዓይነቱ ክፍተት የተነሳ ሊሆን ይችላል።

እጅ ያውቃል፣ ጆሮ አያውቅም

አሁን ወደ ነጂው አካል እንምጣ። ከሲሙሌተር መሣሪያዎች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ መሪው ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማ በላስቲኩ መጠማዘዝ ምክንያት ራሱን ወደ ቀጥታ ለመመለስ ይታገላል፤ በእጃችን ላይ የሚሰማን ክብደት በከፊል ይህ ትግል ነው። የሚገርመው ነገር ይህ የመመለስ ኃይል ጎማው ጣሪያው ላይ ከመድረሱ በፊት መቀነስ ይጀምራል። ጎማው ገና እየጨበጠ ሳለ፣ የሚጨብጥበት ኃይል ገና እያደገ ሳለ፣ መሪው ትንሽ ቀለል ይላል። ያቺ ቅለት ማስጠንቀቂያ ናት። ጥሩ ነጂ መሪው ሲከብድ እየጨመረ ይሄድና ቅለቷ ስትመጣ እጁን ያቆማል። ጀማሪ ቅለቷን አይሰማም፤ አፍንጫው አልታጠፍ ሲለው መሪውን ይበልጥ ይጠመዝዛል፤ ያኔ ጣሪያውን አልፎ ቁልቁል እየወረደ ነው።

ጥሩ የሲሙሌተር መሪ ይህችን ቅለት በሚገባ ያስተላልፋል፤ ስሌቱ ውስጥ አለችና። ርካሹ መሪ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ጉልበት ስላለው ነገሩ በሹክሹክታ ይመጣል። ሞተሩ በቀጥታ ከመሪው ዘንግ ጋር የተገጠመለት ውዱ ዓይነት ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሚጎትት ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ፍሬኑም እንዲሁ ነው። እግር የሚያስታውሰው ፔዳሉ የት እንደደረሰ ከሚሆን ይልቅ በምን ያህል ኃይል እንደተረገጠ ነው። ስለዚህ የሚለካው ርቀት የሆነ ፔዳልና የሚለካው ግፊት የሆነ ፔዳል ሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ከመሪው በፊት ፍሬኑን ይግዛ እላለሁ።

የቀረው አካል ግን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ቆሞ የሄደ ሰው ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ አካሉ ከዓይኑ ቀድሞ እንደሚያውቅ ያውቃል። የውስጥ ጆሮ፣ ወገብና መቀመጫ ናቸው ነጂን ኋላው ማምለጥ እንደጀመረ አስቀድመው የሚነግሩት። ዓይን ይህን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ሲሙሌተር ላይ ግን ዓይን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የሲሙሌተር ፈጣኖች ሌላ ጥበብ ያዳብራሉ፤ አድማሱ በስክሪኑ ላይ በአንድ ጣት ስፋት ሲንሸራተት አይተው ያርማሉ። እውነተኛ ነጂ ሲሙሌተር ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ላይ ደጋግሞ የሚዞርበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚጠብቀው ምልክት አይመጣለትም።

ወደ ሁቱ እንመለስ። ሮድ አትላንታ ላይ መስመሩን ያወቀው ሰው የመኪናውን ግፊት ሆዱ አልቻለውም፤ አስመለሰው። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሚካኤል ሹማከር ደግሞ በ2010 ወደ ፎርሙላ 1 ሲመለስ የተቸገረው በተቃራኒው ነው፤ በቡድኑ ሲሙሌተር ላይ ሲቀመጥ ራሱን ያዞረው ነበር። የሁለቱ መንስኤ ግን የሚቀራረብ ይመስለኛል፤ አንጎል ከልምዱ የሚጠብቀውና የውስጥ ጆሮ የሚለው ሲጣሉ አካል ይታወካል። የአንደኛው ጆሮ ያላሰበው ነገር በዝቶበት፣ የሁለተኛው ጆሮ የለመደው ነገር ጎድሎበት። የፎርሙላ 1 መኪና ፍሬን ሲይዝ ነጂው ላይ የሚያርፈው ግፊት የገዛ ክብደቱን 5 እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህን ቤት ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ የለም፤ የሚንቀሳቀሱ ወንበሮችም ጣዕሙን ያቀምሳሉ እንጂ አያጠግቡም።

ፍርሃትም አለ። በ2015 ኖርድሽላይፈ ላይ በተካሄደ ውድድር አንድ መኪና አየር ላይ ተነስቶ አጥሩን ዘልሎ ተመልካች ገድሏል። እዚያ የሚነዳ ሰው ይህን እያወቀ ነው የሚነዳው። ሲሙሌተር ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና መጀመር ይቻላል። ይህ ልዩነት የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቅኝቱ ውስጥ ይገባል።

ቅኝቱ

በጎማ ንፋስ እንጀምር፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ነውና። በአሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የጂቲ3 መኪና የደረቅ መንገድ ጎማ ጥሩ የሚሠራው ከጋለ በኋላ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሲሆን ነው። ጎማው ግን የሚሞላው ሲቀዘቅዝ ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 20 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ ውስጡ ያለው አየር 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 27 ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የከባቢ አየሩን 14.7 ጨምረን፣ በሙቀቱ ጭማሪ ልክ አባዝተን፣ መልሰን መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ሲሙሌተሩና ዓለም ይስማማሉ፤ ፊዚክሱ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ስለሆነ። አየሩ ከቀዘቀዘ መነሻውን ከፍ ማድረግ፣ ከሞቀ ዝቅ ማድረግ የሚለው ትምህርት በሁለቱም ይሠራል።

ቀጥሎ ሞላና መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል ግራና ቀኙን የሚያያይዙት የፊትና የኋላ ማረጋጊያ ዘንጎች አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን የሚያውቁት በልማድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ቆንጆ ነው። መኪና ሲታጠፍ ክብደት ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጪ ጎማዎች ይሸጋገራል። ስንት ኪሎ እንደሚሸጋገር የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ከፍታ፣ የጎማዎቹ ርቀትና የመታጠፊያው ግፊት ናቸው፤ ሞላ ማጠንከር ጠቅላላውን አይቀንሰውም። ዘንጉ የሚወስነው ከሽግግሩ የፊቱ ስንቱን፣ የኋላው ስንቱን እንደሚሸከም ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ለውጥ ያመጣል? ጎማ ላይ ሁለት እጥፍ ክብደት ስንጭን ሁለት እጥፍ አይጨብጥምና። ለምሳሌ ያህል 300 ኪሎ የተጫነበት ጎማ 450 ኪሎ ቢጨብጥ፣ 300 እና 300 የተጫነባቸው ሁለቱ የፊት ጎማዎች 900 ይጨብጣሉ። ክብደቱ ተሸጋግሮ አንዱ 100፣ ሌላው 500 ሲሆን ግን የመጀመሪያው 160፣ የሁለተኛው 700 ቢሆን ድምሩ 860 ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ያው 600 ሆኖ 40 ኪሎ የመጨበጥ ኃይል ጠፋ። ስለዚህ የፊቱን ዘንግ ስናጠነክር የሽግግሩን ድርሻ ወደ ፊት እንወስዳለን፤ የፊቱ የመጨበጥ ኃይል ይቀንሳል፤ አፍንጫው አልታጠፍ ይላል። የኋላውን ስናጠነክር ኋላው ማምለጥ ይቀናዋል። ይህ አቅጣጫ በስክሪንም በአስፋልትም አንድ ነው። መኪናው አልታጠፍ ካለ የፊቱን አላላ የሚል ተጫዋች እውነተኛ ሜካኒክ ፊት ቢቀርብ አያፍርም።

«በስንት?» ሲባል ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው ሻንሲ አይጣመምም ወይም በተወሰነ መጠን ብቻ ይጣመማል፤ ሾክ አብዞርበሩ አይደክምም፤ ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል ነው። ጋራዥ ውስጥ ያለው መኪና ግን በአራቱም ጎማ ሥር ሚዛን ተቀምጦለት፣ ክር ተወጥሮ፣ ጎማው ስንት ዲግሪ እንደዘነበለ ተለክቶ ነው ወደ አንድ የሚታወቅ መነሻ የሚመጣው፤ ጠርዝ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ከመታ ደግሞ ያ መነሻ ይጠፋል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪናዎች እንኳ አንድ አይደሉም።

የጊዜው ነገርም አለ። በስክሪን ላይ ሞላ መለወጥ አንድ ጠቅታ ነው። በእውነት መኪናው ይነሳል፣ ቸርኬ ይወልቃል፣ ከዚያም ከፍታውና ዘንበልታው እንደገና ይለካል። በ60 ደቂቃ ልምምድ ውስጥ ስንት ለውጥ ማድረግ እንደሚቻል መገመት ነው። ስለዚህ እውነተኛ መሐንዲስ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ሲሙሌተር ተጫዋች ደግሞ አምስት ነገር በአንዴ ነካክቶ የትኛው እንደሠራ ሳያውቅ ይቀራል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የቀመሩን ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት ነው። የሲሙሌተር ውድድር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊትና ቀን የሚሞክሩበት ስለሆነ ስሌቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ስህተት ብትኖር ትገኛለች። ንፋሱ ዝቅተኛው ቁጥር ላይ፣ ከፍታው መሬት እስኪነካ፣ ዘንበልታው ጫፍ ላይ፤ ሰዓቱ ግን ፈጣን። በእውነቱ ዓለም እንዲህ ያለው ነገር የሚታገደው ጎማ ስለሚፈነዳ ነው። በ2013 ሲልቨርስቶን ላይ የበርካታ ፎርሙላ 1 መኪናዎች ጎማ በውድድር መሃል ፈነዳ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የንፋስ ማነስ፣ የበዛ ዘንበልታና የግራውን ጎማ በቀኝ መግጠም ይገኙ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የንፋስ ልክና ከፍተኛ የዘንበልታ ልክ አስገዳጅ ሆነ፤ ጎማ ማቀያየሩም ቀረ።

የመሬት ከፍታውም ሂሳብ አለው። በ2023 በአሜሪካ ኦስቲን ሉዊስ ሃሚልተን ሁለተኛ፣ ሻርል ለክሌር ስድስተኛ ሆነው ከጨረሱ በኋላ ሁለቱም ከውጤት ተሰረዙ። ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከ9 በታች እስኪሆን ተፍቆ ተገኘ። ያ ሳምንት ከዋናው በፊት አጭር ውድድርም ያለበት ስለነበር ቡድኖቹ መኪናውን ለመቃኘት የነበራቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ መንገዱም ጎርባጣ ነው። የዓለም ምርጥ ሲሙሌተሮች ያሏቸው ቡድኖች ናቸው በአንድ ሚሊ ሜትር የተያዙት። ቤቱ ሆኖ የሚጫወት ሰው መኪናውን መሬት እስኪልስ ሲያወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከውድድሩ በኋላ ጣውላውን የሚለካበት ሰው የለም።

አሁን ፍርሃቱ የሚገባበት ቦታ ደረስን። በሲሙሌተር ላይ ፈጣኑ ቅኝት ብዙውን ጊዜ ኋላው ልል የሆነ፣ አፍንጫው እንደ ምላጭ የሚገባ መኪና ነው። አንድ ዙር ላይ ይፈጥናል፤ ከአሥር ዙር አንዱ ላይ ይዞራል፤ ዋጋው ግን ምንም ነው። እውነተኛ ቡድን ግን በየዙሩ ጥቂት ጊዜ ማጣቱን ተቀብሎ የያንኑ መኪና ኋላ ያረጋጋዋል። ነጂው ካላመነው መኪና ውስጥ ሆኖ ፍሬን ቀደም ብሎ ይይዛል፤ ያኔ በቅኝቱ የተገኘው ሰዓት በእግሩ ይጠፋል። ለሕዝብ የሚሸጡ መኪናዎችን የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ያውቃሉ። የቤት መኪና ሆን ተብሎ በመጀመሪያ አፍንጫው አልታጠፍ እንዲል ተደርጎ ይቃኛል፤ የደነገጠ ሰው በደመ ነፍስ ነዳጁን ስለሚለቅ፣ ሲለቅ ክብደት ወደ ፊት ስለሚመጣ፣ አፍንጫውም ስለሚመለስ። የመኪናው ቅኝት የነጂውን ድንጋጤ አስቀድሞ አስቦለታል።

የአየሩን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ለእኛ ቅርብ ነውና። ሜክሲኮ ሲቲ ያለው የፎርሙላ 1 መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቡድኖቹ እንደ ሞናኮ ያለ ትልቅ ክንፍ ይገጥማሉ፤ የሚያገኙት ወደ ታች የመጫን ኃይል ግን ትንሽ ክንፍ የሚገጠምበትን የሞንዛን ያህል ይሆናል፤ ፍሬኑና ሞተሩም ቀዝቃዛ አየር ያንሳቸዋል። አዲስ አበባ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ጉልበት ያገኘ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሲሙሌተር ይህ ሁሉ አንዲት ቁጥር ናት፤ የአየሩን ጥግግት ቀንሶ ሌላውን ራሱ ያሰላል፣ በደንብም ያሰላል። የዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ከማሽኑ ጋር ባልከራከር እመርጣለሁ።

ቡድኖቹ እንዴት ይጠቀሙበታል?

ፎርሙላ 1 ከ2009 ጀምሮ በውድድር ዘመን ውስጥ በነጻ መፈተንን ሲገድብ ሲሙሌተር የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀረ። ሬድ ቡልን የመሰለ ቡድን መኪናው ዓርብ ዕለት በሌላ አህጉር ከተነዳ በኋላ መረጃውን እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ወዳለው ሲሙሌተር ይልካል፤ እዚያ የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ደጋግሞ ያሸነፈው ሴባስቲያን ቡኤሚ ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ የተለያየ ቅኝት ሲሞክር አድሯል። ቅዳሜ ጠዋት መሐንዲሶቹ ከዚያ የመጣውን ምክር ይዘው መኪናውን ይነካሉ።

ይህ ከቤት ሲሙሌተር የሚለየው በመሣሪያው ውድነት ብቻ አይደለም። ቡድኑ አዲስ ቅኝት ከመፈለጉ በፊት መጀመሪያ ሲሙሌተሩ ዓርብ ዕለት የሆነውን እንዲደግም ያደርገዋል። እውነተኛው መኪና በሦስተኛው መታጠፊያ አልታጠፍ ካለ፣ የስክሪኑም መኪና እዚያው ቦታ ላይ በዚያው መጠን አልታጠፍ እስኪል ድረስ የጎማው ቁጥር ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው «ዘንጉን ብናላላስ?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው። የቤት ተጫዋች ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚያመሳክርበት መኪና የለውምና። ስለዚህ የወረደለትን የሌላ ሰው ቅኝት ሲጭን ሦስት ነገር አብሮ ይጭናል፤ የዚያን ሰው እጅ፣ የዚያን ቀን ሙቀትና የዚያን የሶፍትዌር እትም ቀዳዳ።

በስክሪን ላይ ለሚነዳ ሰው እንግዲህ የምመክረው ትንሽ ነው። ፋብሪካው ከሰጠው መነሻ ቅኝት ተነስቶ ንፋሱን ብቻ ወደ ልኩ ማምጣት፤ ሰዓቱ መዋዠቁን እስኪያቆም ድረስ መንዳት፤ ከዚያ አንድ ነገር መለወጥ፣ ለውጡም እስኪሰማ ድረስ ተለቅ ያለ ማድረግ። አቅጣጫው ከገባ በኋላ መመለስ ይቻላል። ከፈጣኖቹ በሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ሰዓቱን የሚያገኘው ከሞላ ሳይሆን ከፍሬን እግሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ቤት መኪና አንድም ሳይቀየር የሚሻገር ነገር ቢኖር የጎማ ንፋሱ ነው። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው፤ ማለትም መኪናው ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ከሆነ። ከደብረ ብርሃን በፍጥነት ነድቶ የመጣ ሰው ጎሚስታው ጋ ቆሞ ሲያስለካ ከፍ ያለ ቁጥር ያያል። ያንን አይቶ ንፋስ ካስቀነሰ በማግስቱ ጠዋት ጎማው ከልኩ በታች ሆኖ ያድራል።